ስኬልና የግራ እጅ፦ ስለ ክላሲካል ጊታር ልምምድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ክላሲካል ጊታር የሚማሩ ሰዎች ስለ ስኬል (ኖታዎችን በቅደም ተከተል ወደ ላይና ወደ ታች ስለ መጫወት) ልምምድ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በግራ እጁ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት ሽቦ የተከፈለ ቦታ) ለሚጫን፣ በቀኝ እጁ ክር ለሚመታ ተጫዋች ነው። የግራ እጅ ጣቶች በቁጥር ይጠራሉ፦ ጠቋሚ ጣት 1፣ የመሃል ጣት 2፣ የቀለበት ጣት 3፣ ትንሿ ጣት 4። ክሮች ደግሞ ከቀጭኑ 1ኛ ተነሥተው እስከ ወፍራሙ 6ኛ ይቆጠራሉ።

ስኬል ለግራ እጅ ምን የተለየ ጥቅም አለው? የምወደውን ሙዚቃ ብቻ ብለማመድ አይበቃም?

ሙዚቃ በምንጫወትበት ጊዜ ጆሮ ዜማውን ይከተላል፣ ዐይን ኖታውን ያነባል፣ ልብ ደግሞ ቀጥሎ ለሚመጣው ከባድ ቦታ ይሠጋል። እጅን የሚከታተል የለም። ስኬል ላይ ግን ቀጣዩ ኖታ አያጠራጥርም፤ ስለዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ወደ እጅ መዞር ይችላል። 3ኛ ጣት ከክሩ ሲነሣ ምን ያህል ይርቃል? አውራ ጣት ሳይታወቅ ከጊታሩ አንገት ጀርባ ተጣብቆ ቀርቷል? ትከሻ ወደ ላይ ወጥቷል? እነዚህን ለማስተዋል ከስኬል የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ብዙ ሰው ስኬልን የጣት ጉልበት ማዳበሪያ አድርጎ ይወስደዋል። በእኔ እምነት ዋናው ትርፍ ሌላ ነው። ስኬል እጅን መጫንና መልቀቅ ያስተምራል፤ ከሁለቱ የሚከብደው ደግሞ መልቀቁ ነው። ሥራውን የጨረሰ ጣት ተወጥሮ ከቀረ ቀጣዩን ጣት ይጎትታል፣ የእጅ አንጓን ያደርቃል፣ ሽግግሩን ያዘገያል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ዞረው ዞረው እዚህ ነጥብ ላይ የሚያርፉት ለዚህ ነው።

ጀማሪ ነኝ። ከየትኛው ስኬል ልነሣ?

የተለመደው መነሻ ክፍት (በጣት ያልተጫኑ) ክሮችን የሚጠቀመው የዶ ሜጀር ስኬል፣ ማለትም ከዶ ተነሥቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ እያለ የሚሄደው ነው። ኖታ ማንበብ ለመልመድ ጥሩ ነው፤ ለግራ እጅ ግን ብዙም አይጠቅምም። ከ5ኛው ክር ዶ ተነሥተው እስከ 1ኛው ክር ሶል ቢወጡ 4ኛ ጣት አንድ ጊዜ እንኳ ክር አይነካም። በዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ሰፋፊ ናቸው። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊሜትር በሆነ የተለመደ ክላሲካል ጊታር ላይ ከ1ኛው ፍሬት እስከ 4ኛው ያለው ርቀት 9.8 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ግን 8.2 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ። ገና ያልተፍታታ እጅ ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ባለ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ያለው ኖታ) የሬ ሜጀር ስኬልን ከአንገቱ መሃል አካባቢ መጀመር ነው። በ5ኛው ክር ላይ 5ኛውን ፍሬት በ2ኛ ጣት፣ 7ኛውን በ4ኛ ጣት ይጫኑ። በ4ኛው ክር ላይ 4ኛውን፣ 5ኛውንና 7ኛውን ፍሬት በ1፣ በ2 እና በ4፤ በ3ኛው ክር ላይ ደግሞ 4ኛውን፣ 6ኛውንና 7ኛውን በ1፣ በ3 እና በ4። ኖታዎቹ 8 ናቸው። እጅ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ አራቱም ጣቶች ሥራ ያገኛሉ፣ ከስምንቱ ሦስቱን የምትጫነው ትንሿ ጣት ናት።

ክሩን ምን ያህል ልጫን?

ድምፁ እስኪጠራ ድረስ፤ ከዚያ አንዲት ነጥብ እንኳ አይጨምሩ። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው፤ እጅ የሚማረው ግን በሚከተለው ሙከራ ነው።

አንድ ኖታ ይምረጡ፤ ለምሳሌ በ3ኛው ክር ላይ 5ኛውን ፍሬት። ጣትዎን ክሩ ላይ ያሳርፉት፣ ግን አይጫኑ። ቀኝ እጅ በእርጋታ ክሩን ደጋግሞ ይምታ። መጀመሪያ የሚሰማው የታፈነ፣ ኖታ የሌለው ድምፅ ነው። አሁን ጥቂት በጥቂት ጫን ይበሉ። ክሩ ዝዝ ማለት ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ድንገት ይጠራል። እዚያው ላይ ይቁሙና እጅዎ ምን እንደሚሰማው ልብ ይበሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ይገረማሉ፤ የለመዱት ጉልበት ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ ሆኖ ያገኙታልና።

ቀጥሎ ጣቱን ከፍሬቱ ሽቦ ወደ ኋላ አርቀው፣ በሁለቱ ፍሬቶች መካከል አድርገው ሙከራውን ይድገሙት። ድምፁን ለማጥራት አሁን የበለጠ መጫን ግድ ይሆናል። ጣት ከሽቦው በስተኋላ፣ ሳይወጣበት ግን በጣም ተጠግቶ መቀመጥ አለበት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያረፈ ጣት ጉልበት ይቆጥባል።

ይህ ሲገባዎት ወደ ስኬሉ ይውሰዱት። አንድ ዙር ሙሉውን ስኬል ሳይጫኑ፣ በታፈነ ድምፅ ብቻ ይጫወቱ። ሁለተኛውን ዙር ዝዝ በሚለው ደረጃ፣ ሦስተኛውን ልክ በሚጠራበት። በየቀኑ ከስኬል ልምምዴ ይህቺን ሦስት ዙር ብቻ አስቀሩልኝ ብባል ሌላውን ሁሉ ትቼ እርሷን እመርጣለሁ።

አውራ ጣት የት ይቀመጥ?

ከአንገቱ ጀርባ፣ በግምት ከ2ኛ ጣት ትይዩ፣ ቀጥ ብሎ ግን ሳይደርቅ። የአውራ ጣት ሥራ እጅ የት እንዳለ ማመልከትና ሚዛን መጠበቅ ነው እንጂ እንደ ጉጠት ቆንጥጦ መያዝ አይደለም። ለመፈተን ስኬሉን ቀስ ብለው እየተጫወቱ አውራ ጣትዎን ለአንድ አፍታ ከአንገቱ ያላቅቁት። ጊታሩ በጭንዎና በቀኝ ክንድዎ በደንብ ከተያዘ ኖታዎቹ ድምፃቸውን ሳያጡ ይቀጥላሉ፤ ክሩን ወደ ታች የሚስበው የክንድ ክብደት ስለሆነ። ጊታሩ ከተንሸራተተ ችግሩ ያለው አቀማመጥዎ ላይ ነው፤ መጀመሪያ እርሱን ያስተካክሉ። የእግር ማሳረፊያው ከፍታ በቂ ካልሆነና የአንገቱ ጫፍ ዝቅ ብሎ ከቀረ የግራ እጅ አንጓ ሳይወድ በግድ ይታጠፋል።

ትንሿ ጣቴ ደካማ ናት፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ወይም ዘርጋ ብላ ትቀራለች። ምን ላድርግ?

ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ያሉት ክንድ ውስጥ ነው፤ ወደ ጣት የሚደርሰው ጅማታቸው ነው። በእጅ ጀርባ በኩል የመሃል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣት ጅማቶች እርስ በርስ በሚያገናኟቸው ማሰሪያዎች የተያያዙ ናቸው። 3ኛ ጣት ሲንቀሳቀስ 4ኛዋ አብራ የምትነሣው፣ አንዱ ሲታጠፍ ሌላው ነጻ መሆን የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የእጅ አፈጣጠር እንጂ የእርስዎ ድክመት አይደለም፤ በጉልበትም አይበጠስም።

የሚሠራው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው መዳፍን ከአንገቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ ማድረግ። ብዙ ጊዜ እጅ ወደ 1ኛ ጣት በኩል ያጋድልና ትንሿ ጣት ከክሩ ርቃ ትቀራለች፤ ለመድረስ ስትዘረጋ ደግሞ መታጠፏን ትታ ቀጥ ትላለች። ክርንዎን ትንሽ ከጎንዎ ቢያርቁ እጁ ይዞርና ትንሿ ጣት ታጥፋ፣ በጫፏ ማረፍ ትችላለች። ሁለተኛው ደግሞ 3ኛና 4ኛ ጣት የሚከታተሉባቸውን ቦታዎች ነጥሎ መለማመድ ነው። ከላይ ባየነው የሬ ስኬል መጨረሻ ላይ 6ኛውና 7ኛው ፍሬት በ3 እና በ4 ይያዛሉ፤ እነዚያን ሁለት ኖታዎች ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች፣ እጅግ ቀስ ብሎ መመላለስ ለጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ጣቶቼ ከክሩ በጣም ይርቃሉ። እንዴት ላቅርባቸው?

በግድ አይያዟቸው። ጣትን በአየር ላይ ገትቶ ማቆየት ራሱ ውጥረት ነው። ጣቱ ሥራውን ሲጨርስ ማንሣትዎን ትተው መጫንዎን ብቻ ያቁሙ፤ ክሩ ራሱ ጣቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ከክሩ ከፍታ የበለጠ መነሣት አያስፈልገውም።

ስኬሉ ሲወጣ ጣቶቼን ክሩ ላይ ልተዋቸው ወይስ ላንሣቸው?

በአንድ ክር ላይ ወደ ላይ ሲወጡ ይተዋቸው። 1፣ 2 እና 4 ተከታትለው ሲጫኑ 4ኛዋ ስታርፍ 1 እና 2 ክሩ ላይ ናቸው፤ ድምፅ የሚሰጠው የመጨረሻው ስለሆነ እነርሱ መጫናቸውን አላልተው መንካት ብቻ ይችላሉ። ክር ሲቀየር ሁሉም አብረው ይለቃሉ።

ሲወርዱ ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ነው። 4ኛ ጣት ከመልቀቋ በፊት ቀጣዩ ጣት ቦታው ላይ አርፎ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ በሁለቱ ኖታዎች መካከል ክፍተት ይሰማል። በዝግታ ሲለማመዱ ይህን ቅድመ ዝግጅት ሆን ብለው ያድርጉት። በስኬል መውረድ ከመውጣት እኩል ጊዜ ይገባዋል፤ እንዲያውም ቢበልጥ ደስ ይለኛል።

እጄ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲሸጋገር ዜማው ይቆረጣል። እንዴት ላስተካክለው?

በምሳሌ እንየው። ባለ 2 ኦክታቭ የዶ ሜጀር ስኬል ክፍት ክር ሳይጠቀም እንዲህ ይሄዳል። በ5ኛው ክር 3ኛና 5ኛ ፍሬት፣ ጣት 2 እና 4። በ4ኛው ክር 2ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ፍሬት፣ ጣት 1፣ 2 እና 4። በ3ኛው ክር 2ኛና 4ኛ ፍሬት በ1 እና 3፤ ከዚያ እጅ ይሸጋገርና በዚያው ክር 5ኛና 7ኛ ፍሬት እንደገና በ1 እና 3። በ2ኛው ክር 5ኛ፣ 6ኛና 8ኛ ፍሬት በ1፣ 2 እና 4፤ በ1ኛው ክር 5ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ፍሬት በ1፣ 3 እና 4። በጠቅላላው 15 ኖታ ነው፤ ሽግግሩ አንድ ብቻ።

ያ አንድ ሽግግር ግን ብዙ ነገር ይዟል። 1ኛ ጣት ላ ላይ፣ ማለትም 2ኛው ፍሬት ላይ ነበር፤ አሁን ዶ ላይ፣ 5ኛው ፍሬት ላይ መድረስ አለበት። ርቀቱ 9 ሴንቲሜትር ያህል ነው። 3ኛ ጣት «ሲ» የተባለውን ኖታ (4ኛውን ፍሬት) ሲጫን 1ኛ ጣት ከክሩ አይነሣም፤ መጫኑን አላልቶ ክሩን እንደነካ ይቆያል። የሲ ድምፅ ሊያበቃ ሲል 3ኛ ጣት ይለቃል፣ ክንድ ከክርን ጀምሮ እጅን ይዞ ይሄዳል፣ 1ኛ ጣት በዚያው ክር ላይ እንደ መሪ ሆኖ ይንሸራተትና ቦታው ሲደርስ ብቻ ይጫናል። አውራ ጣትም አብሮ ይጓዛል። አውራ ጣት ወደ ኋላ ከቀረ እጅ ወደ ፊት ሲዘረጋ፣ ሲጣመም ያዩታል።

ዜማው የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ እጅ ዘግይቶ አይደለም፤ ጣቱ ሳይለቅ ለመሄድ ስለሚሞክር ነው። ተጭኖ የሚንሸራተት ጣት ከክሩና ከፍሬቶቹ ጋር ይታገላል። ስለዚህ ሲ እና ዶን ብቻ ነጥለው ይውሰዱ። ሲን ይጫወቱ፣ ይልቀቁ፣ ይቁሙ። ዐይንዎን 5ኛው ፍሬት ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ይሂዱ። በመካከል ያለውን ዕረፍት ቀን በቀን ያሳጥሩት፤ መልቀቁን ግን በጭራሽ አይዝለሉት። ወደ ታች በሚመለሱበት ጊዜም ዐይን ከእጅ ቀድሞ 4ኛው ፍሬት ላይ ይድረስ።

ሜትሮኖምን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) እንዴት ልጠቀምበት?

በደቂቃ 60 ምት ይጀምሩ፤ ለአንድ ምት አንድ ኖታ። ያ በሴኮንድ አንድ ኖታ ማለት ነው፤ ባለ 2 ኦክታቩ ስኬል ወጥቶ እስኪወርድ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚህ ዝግታ የሚሰለቹ ከሆነ የሚመለከቱት ነገር አጥተዋል ማለት ነው፤ አውራ ጣትን፣ ትከሻን፣ የ4ኛ ጣትን ከፍታ በየተራ ይከታተሉ። ከዚያ በዚያው 60 ምት ለአንድ ምት 2 ኖታ፣ ቀጥሎ 4 ኖታ።

ፍጥነት ሲጨምሩ ከ3 ወይም ከ4 ምት በላይ አይዝለሉ። ሌላው የምወደው መንገድ አጫጭር ሩጫ ነው፦ ስኬሉን በዝግታ እየተጫወቱ 4 ኖታዎችን ብቻ በእጥፍ ፍጥነት ሮጠው በ5ኛው ላይ ማረፍ። ማረፊያው ላይ እጅ ሙሉ በሙሉ መላላቱን ያረጋግጡ። ተወጥሮ ከቀረ ፍጥነቱ ገና የእርስዎ አልሆነም።

በቀን ስንት ደቂቃ?

ስፔናዊው ጊታሪስት አንድሬስ ሴጎቪያ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የሜጀርና የማይነር ስኬሎች ስብስብ መግቢያ ላይ የ2 ሰዓት ዕለታዊ ልምምድን ያነሣል። መድረክ ላይ ለሚኖር ሰው ይሁን። ሥራና ትምህርት ላለበት ተማሪ 15 ደቂቃ ሐሳብ ያልተለየው ልምምድ ይበቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ትኩረት ሲደክም እጅ ወደ አሮጌ ልማዱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የሚለማመዱት ስሕተቱን ነው።

24ቱንም ስኬሎች (12 ሜጀርና 12 ማይነር) ማወቅ አለብኝ?

ውሎ አድሮ አዎን፤ ለመጀመር ግን አንድ ቅርጽ ብዙ ያስኬዳል። ከላይ የተሰጠው የዶ ሜጀር አያያዝ ክፍት ክር ስለሌለው እንዳለ ወደ ላይም ወደ ታችም ይንቀሳቀሳል። በ5ኛው ክር ከ2ኛው ፍሬት ቢነሡ ሲ ሜጀር፣ ከ5ኛው ሬ፣ ከ7ኛው ሚ ይሆናል። ሚ ሜጀር ላይ ከፍተኛው ኖታ 12ኛው ፍሬት ላይ ያርፋል፤ የክላሲካል ጊታር አንገት ከሣጥኑ የሚገናኘው እዚያ ነው። በአንድ ቅርጽ 6 ስኬል ተጫወቱ ማለት ነው፤ ፍሬቶቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ስለሚሄዱ ደግሞ እጅ በየቦታው ስፋቱን ማስተካከል ይማራል። ቀጥሎ ሜሎዲክ ማይነርን ይውሰዱ። ሲወጣ 6ኛውና 7ኛው ኖታ ከፍ ይላሉ፣ ሲወርድ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የጣቶቹ መንገድ ሁለት ዓይነት ይሆናል፣ እጅም በልማድ ብቻ መሄድ አይችልም።

ለወራት ተለማመድኩ፤ ስኬሌ ግን አድሮ ቃሪያ ሆነ። ለምን?

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ኖታ ተነሥተው እስከ መጨረሻው ስለሚጫወቱት ሊሆን ይችላል። ስኬል ውስጥ የሚያስቸግሩት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ኖታዎች ናቸው፤ ሌላው ደህና ነው። ደህናውን መቶ ጊዜ መድገም ደካማውን አያጠነክርም። ራስዎን በስልክ ቀርጸው ያዳምጡ፣ ድምፁ የሚያንስበትን ወይም የሚቆረጥበትን ቦታ ያግኙ፣ እርሱን ብቻ ለብቻው ይሥሩ። የምት ቅርጹን መለወጥም ይረዳል፦ አንዱን ኖታ ረዘም፣ ቀጣዩን አጠር፤ ከዚያ በተቃራኒው።

ስኬል የግራ እጅን ሁሉንም ነገር ያስተምራል?

አያስተምርም። ስኬል ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ኖታ ነው። ክላሲካል ጊታር ግን አንዱን ጣት ባስ ላይ ይዘው ሌሎቹን የሚያንቀሳቅሱበት፣ በ1ኛ ጣት ስድስቱንም ክሮች የሚጫኑበት፣ ከአንድ አኮርድ (አብረው ከሚሰሙ ኖታዎች ስብስብ) ወደ ሌላው የሚሻገሩበት መሣሪያ ነው። እነዚህ የራሳቸው ልምምድ ይፈልጋሉ። ስኬል የሚሰጣቸው በትክክል የሚያርፍና በቶሎ የሚለቅ ጣት ነው።

ቢያመኝስ?

የጣት ጫፍ ቆዳ መቆጥቆጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ነው፤ ቆዳው ሲጠነክር ይጠፋል። በእጅ አንጓ፣ በክንድ ወይም በአውራ ጣት ሥር የሚሰማ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ወዲያው ያቁሙ። ታግሦ ማለፍ ብርታት አይደለም፤ የጅማት ጉዳት ለወራት ከጊታር ሊያርቅ ይችላል። ሕመሙ ከቀናት ዕረፍት በኋላም ከተመለሰ፣ ወይም መደንዘዝና መጠዝጠዝ ካለበት ሐኪም ይዩ። ሲመለሱም ግራ እጅ ላይ ያለውን ጉልበት ከሥሩ ይመርምሩ፤ ከላይ ያለው የመጫን ሙከራ ለዚህም ያገለግላል።

የግራ እጅ ጥፍርስ?

ከጣቱ ጫፍ ሥጋ እንዳያልፍ ሁልጊዜ አጭር።

ስሸጋገር ወፍራሞቹ ክሮች ያፏጫሉ። ይህን ማጥፋት ይቻላል?

4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ክር በቀጭን የብረት ሽቦ የተጠመጠሙ ናቸው፤ ጣት በሽቦው ጎድጓዶች ላይ ሲፈገፈግ ያፏጫል። 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ልሙጥ ናይለን ስለሆኑ ይህ ችግር የለባቸውም። ከላይ ባለው የዶ ሜጀር ስኬል ሽግግሩ 3ኛው ክር ላይ መሆኑ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሽግግርን ወደ ልሙጦቹ ክሮች ማምጣት በሚቻልበት ሁሉ ያምጡት። ወፍራም ክር ላይ መሸጋገር ግድ ሲሆን ጣቱን መጀመሪያ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡት፣ ከዚያ ይሂዱ፣ ከዚያ ያሳርፉት። መሪ ጣት ካስፈለገ ከጫፉ ይልቅ ለስላሳው የጣት ሥጋ ክሩን እንዲነካ ጣቱን ትንሽ ያስተኙት። ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ በተለይ ክሮቹ አዲስ ሲሆኑ ይበረታል፣ ከተወሰኑ ቀናት ጨዋታ በኋላ ይለዝባል።